መርሐ ግብሩ ለታመመው ሰው ይቁም፦ ለተራራ የቡድን ጉዞ አዘጋጆችና ለፈቃድ ሰጪዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በሩቅ ተራሮች ላይ የቡድን የእግር ጉዞ ለምታዘጋጁ ድርጅቶች እና ለእነዚህ ድርጅቶችና ለጉዞ መሪዎቻቸው ፈቃድ ለምትሰጡ መሥሪያ ቤቶች፣

ጉዳዩ፦ በከፍታ የሚታመም መንገደኛም ሆነ ተሸካሚ ለመርሐ ግብር ሲባል ወደ ላይ እንዳይገፋ ስለ መጠየቅ

የመኪና መንገድ ወደማይደርስባቸው፣ ስልክ ወደማይሠራባቸውና ሐኪም ቤት የቀናት መንገድ ወደሚርቅባቸው ተራሮች ሰዎችን በቡድን ይዞ መሄድ ትልቅ ሥራ ነው። ብቻውን ቢሆን እንዲህ ያለውን ጉዞ የማይደፍር ሰው፣ መንገዱን የሚያውቅ መሪ ከፊቱ ስላለ፣ ድንኳኑንና ስንቁን የሚሸከሙለት ሰዎች ስላሉና ትናንት የማያውቃቸው ባልንጀሮች አብረውት ስለሚራመዱ፣ በዕድሜው የማይረሳውን ነገር አይቶ ይመለሳል። እኔም ከእነዚህ መንገደኞች አንዱ በመሆኔ ለሥራችሁ ያለኝ አክብሮት ከልብ ነው፤ ይህንንም ደብዳቤ የምጽፈው ሥራችሁ እንዲቀጥል እየተመኘሁ ነው።

ልመናዬ አንድ ነው። የቡድን ጉዞ መርሐ ግብር በወረቀት ላይ ሲነደፍ፣ ከቡድኑ መካከል ቢያንስ አንድ ሰው በከፍታ ምክንያት እንደሚታመም አስቀድሞ ተቆጥሮ ይነደፍ፤ ለዚያ ሰው የሚሆን ትርፍ ቀን፣ አብሮት የሚወርድ ሰውና ለመውረጃው የሚሆን ገንዘብ ከመነሻው ይመደብለት። ዛሬ በብዙ ቦታ የሚሠራበት መርሐ ግብር ሁሉም ሰው ጤነኛ ሆኖ፣ ሁሉም እኩል ተራምዶ፣ ሰማዩም ጠርቶ የሚውልበትን ጉዞ የሚያሳይ ሲሆን፣ እንዲህ ያለ ጉዞ ግን ከፍ ባለ ተራራ ላይ እምብዛም አይገኝም።

ይህን የምለው ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከአየሩ ልጀምር። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር በአየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ አይቀንስም፤ በባሕር ዳርም በተራራ ጫፍም 21 በመቶ ያህል ነው። የሚቀንሰው የአየሩ ግፊት ነው። በ5500 ሜትር ከፍታ ላይ ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ወደ ግማሽ ስለሚወርድ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ወደ ሳንባ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይጎድላል። ሰውነት ይህን ጉድለት የሚላመድበት መንገድ አለው፦ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ትንፋሽን ያፋጥናል፣ በተከታዮቹ ቀናት ኩላሊት የደምን ኬሚካዊ ሚዛን ያስተካክላል፣ ከዚያም በሳምንታት ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች ይበዛሉ። እያንዳንዱ እርከን የራሱን ጊዜ ይወስዳል፤ የሯጭ ጉልበት፣ የወጣትነት ዕድሜ ወይም ብርቱ ፍላጎት ይህን ጊዜ አያሳጥረውም። እንዲያውም ጠንካራ ሰው ፈጥኖ መውጣት ስለሚችል ሰውነቱ ሳይላመድ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ራሱን ያገኘዋል።

በዚህ ሙያ የተሰማሩ ሐኪሞች የሚያስቀምጡት መመሪያ ይታወቃል። ከ3000 ሜትር በላይ፣ የሚታደርበት ቦታ ከትናንቱ ማደሪያ ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል፤ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም በዚያው ከፍታ ላይ አንድ ተጨማሪ ሌሊት ይታደር ይላል። ቀን ከፍ ብሎ ወጥቶ ለመኝታ መውረድ ይቻላል፤ የሚቆጠረው የሚታደርበት ከፍታ ነው። ወደ ኤቨረስት ግርጌ የሚወስደው የታወቀው መንገድ ለዚህ ጥሩ አብነት ነው፤ በደንብ የተሠራ መርሐ ግብር በናምቼ፣ በ3440 ሜትር ላይ፣ ሁለት ሌሊት ያሳድራል፤ ከዚያም ከ4000 ሜትር በላይ ባለችው በዲንግቦቼ እንደገና ሁለት ሌሊት ያሳድራል። በአንጻሩ በኪሊማንጃሮ ላይ በአምስት ቀን የሚጠናቀቀውን ጉዞ ተመልከቱ። መንገደኛው ከ2000 ሜትር በታች ካለው በር ተነስቶ በ2700፣ በ3700 እና በ4700 ሜትር አካባቢ ባሉ ጎጆዎች ተከታታይ ሌሊቶችን አድሮ፣ በሦስተኛው ሌሊት እኩለ ሌሊት ገደማ ተነስቶ በአራተኛው ቀን ማለዳ ወደ ጫፉ፣ ወደ 5895 ሜትር ይወጣል። የማደሪያው ከፍታ በየሌሊቱ በአንድ ሺህ ሜትር ያህል ይጨምራል ማለት ነው። የፓርኩ ክፍያ በቀን የሚታሰብ በመሆኑ፣ አጭሩ ጉዞ በዋጋ ዝርዝር ላይ ርካሹ ሆኖ ይታያል፤ ገዢውም ሁለቱን ጉዞዎች የሚያነጻጽረው በዋጋቸው እንጂ በሌሊቶቻቸው ከፍታ አይደለም፤ ያንን ማንም አልነገረውምና።

የከፍታ ሕመም ብርቅ ነገር አይደለም። ፒተር ሃኬት እና ድራሞንድ ሬኒ የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት፣ በኔፓል በ4243 ሜትር ላይ በምትገኘው በፌሪቼ መንደር በኩል ያለፉ 278 መንገደኞችን መርምረው፣ ከእነዚህ ውስጥ 53 በመቶው ታመው አግኝተዋቸዋል፤ ሕመሙ መንገዱን በእግራቸው ከጀመሩት ይልቅ በአውሮፕላን ወደ ከፍታው ተወስደው ጉዞ በጀመሩት ላይ በርትቶ ነበር። እርግጥ ነው፣ ከታመሙት አብዛኞቹ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ብቻ ይኖራቸውና ቆም ሲሉ ይሻላቸዋል። ችግሩ የሚመጣው ሳይቆሙ ሲቀሩ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እንድታነቡት የምለምናችሁ ግን ሌላውን ጥናት ነው። ሐኪሙ ዴቪድ ሽሊም ከባልደረባቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት፣ በኔፓል በሞቱ የእግር ተጓዦች ላይ ባተኮረው ጥናት ውስጥ፣ በከፍታ ሕመም ከሞቱት አብዛኞቹ በተደራጀ ቡድን ውስጥ የነበሩ ሆነው ተገኙ፤ በዚያ ዘመን ግን በተደራጀ ቡድን የሚጓዙት ከጠቅላላው ተጓዥ 40 በመቶ ያህል ብቻ ነበሩ። መሪ ያላቸው፣ አብሳይ ያላቸው፣ ድንኳን የሚተከልላቸው ሰዎች ብቻቸውን ካርታ ይዘው ከሚሄዱት ይልቅ በዚህ ሕመም በብዛት ሞቱ ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ያሳዝነኛል። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ራሱን ሲያመው ሻንጣውን አስቀምጦ አንድ ቀን ያርፋል፤ የሚጠይቀውም የሚጠብቀውም የለም። በቡድን የሚጓዝ ሰው ግን ቢያመውም፣ ነገ ሁሉም ይነሳል፤ ድንኳኑ ይነቀላል፣ ጭነቱ ይታሰራል፣ አብሳዩ ቀድሞ ወደሚቀጥለው ካምፕ ይሄዳል። ወደ ኋላ መቅረት ቢፈልግ የሚያድርበት ድንኳንም አብሮት የሚቆይ ሰውም የለም።

ከዚህም ሌላ ሰው በሰው ፊት ያፍራል። በአንድ ጉዞ ላይ ከ4000 ሜትር በላይ በሆነ ካምፕ ሳለን፣ መሪያችን እንደ ልማዱ በራት ሰዓት በድንኳኑ መሐል ቆሞ «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?» ሲል ጠየቀ፤ ሁላችንም ደህና መሆናችንን ነገርነው። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትም እንደኛው መለሰች። ሾርባዋን ግን በማንኪያ ስታማስል ቆይታ አንዴም ሳትቀምሰው ቀዝቅዞ ነበር፤ ጓንቷን ለማጥለቅም ሁለት ጣቶቿን በአንዱ የጣት ማስገቢያ እየከተተች ደጋግማ ሞክራ አልሆነላትም። ነገሩን ያስተዋለው ሳህን የሚሰበስበው ወጣት የአብሳይ ረዳት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ለመሪው በጆሮው ነገረው። መሪውም ሌላ ሰው በማይሰማበት ሁኔታ ወደ ውጭ ጠርቷት፣ የአንዱን እግሯን ተረከዝ ከሌላው እግሯ ጣት ጋር እያጋጠመች በቀጥታ መስመር እንድትራመድ ለመናት። በሦስተኛው እርምጃ ወደ ጎን ተንገዳገደች፤ ይዘዋት ባይሆን ትወድቅ ነበር። ይህ ምልክት አንጎል ውኃ መቋጠር እንደጀመረ የሚያመለክት ስለሆነ ንጋት አልተጠበቀም፤ ረዳት መሪውና ሁለት ተሸካሚዎች በግንባር መብራት እየመሩ በዚያው ሌሊት አወረዷት። ታች ደርሳ በማግስቱ ተሻላት። በኋላ ስንገናኝ እንደነገረችኝ ራስ ምታቱ የጀመራት ከሁለት ሌሊት በፊት ነበር፤ ዝም ያለችውም ቡድኑን እንዳታስቀር ብላ ነው።

ያቺን ሴት ያተረፋት የመሪው ዕውቀት፣ የአብሳዩ ረዳት ዓይንና ሊሄድ የሚችል ሁለተኛ መሪ መኖሩ ነው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ምን እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም። ስለዚህ ልለምናችሁ የምፈልጋቸው ነገሮች ከዚህ ሌሊት ጋር የተያያዙ ናቸው።

በመጀመሪያ፣ የምሽቱ ጥያቄ በሰው ሁሉ ፊት አይጠየቅ። ከ2500 ሜትር በላይ ባለው ካምፕ ሁሉ መሪው እያንዳንዱን ሰው ለብቻው በየድንኳኑ እየሄደ ይጠይቅ፤ «ደህና ነህ?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ ራሱን ያመው እንደሆነ፣ ምግብ ይበላ እንደሆነ፣ ይደክመው እንደሆነ፣ ያዞረው እንደሆነ በየተራ ይጠይቀው። እነዚህ አራቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት፣ በሐይቅ ሉዊዝ ስም የሚጠራው መመዘኛ የያዛቸው ናቸው። እያንዳንዱ ምልክት ከ0 እስከ 3 ይመዘናል፤ ራስ ምታት ኖሮ ድምሩ 3 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው በከፍታ ታሟል ማለት ነው። ቁጥሩ በአንድ ደብተር ላይ በየቀኑ ቢጻፍ፣ ለነገ መንገድ የሚወሰነው ውሳኔ ከሰው ድፍረትና ይሉኝታ ይላቀቃል። መሪው «ትናንት 2 ነበርክ፣ ዛሬ 5 ሆነሃል፤ ነገ አንወጣም» ለማለት ወረቀት ይኖረዋል።

ሁለተኛው የመውረጃው ነገር ነው፤ ይህን ረዘም አድርጌ ብጽፍ ቅር አይበላችሁ፣ ሰው የሚሞተው እዚህ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1973 የተመሠረተው የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር የሚያስተምራቸው ሦስት ሕጎች በጣም አጭር ናቸው፦ ከፍታ ላይ የሚሰማህ ሕመም ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ የከፍታ ሕመም ነው፤ ምልክቱ ሳይጠፋ ለማደር ወደ ላይ አትውጣ፤ እየባሰብህ ከሄደ ወዲያውኑ ውረድ። ሦስተኛው ሕግ ከድርጅቶች ዝግጅት ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ውረድ ማለት ቢያንስ ከ300 እስከ 1000 ሜትር መውረድ ነው፤ ሌሊትም ቢሆን፣ በረዶም ቢጥል፣ ሊረዳው የሚችል ሰው አብሮት ሆኖ። አንድ መሪ ብቻ ያለው ቡድን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ከታመመው ጋር ከወረደ የቀሩት መሪ ያጣሉ፣ ከቀሩት ጋር ከቆየ ታማሚው ብቻውን ይሆናል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ የገባ መሪ ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ሦስተኛውን መንገድ፣ ማለትም «እስከ ነገ እንይ» የሚለውን ነው።

በከፍታ ምክንያት ሳንባ ውኃ ሲቋጥር ነገ የለም። ይህ ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚከሰተው አዲስ ከፍታ ላይ በደረሱ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሌሊት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ሰውየው ተቀምጦም ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ያስለዋል፣ እየባሰበት ሲሄድም ሮዝ መልክ ያለው አረፋማ አክታ ይተፋል። ለረጅም ዘመን ሐኪሞች የሳንባ ምች ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1891 በአልፕስ ተራሮች በሚገኘው በሞን ብላን ላይ የሞተው ዶክተር ዣኮቴ ሐኪም ሆኖ ሳለ፣ የከፍታን ሁኔታ በራሱ ላይ ለመመልከት ሲል አልወርድም ብሎ ቆይቶ ሞተ፤ አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ሂውስተን የሕመሙን ምንነት በሕክምና መጽሔት ላይ ያብራሩት እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ዛሬ ምንነቱ ይታወቃል፣ መድኃኒቱም ይታወቃል። ኦክስጅን አለ፤ ለአንጎሉ ሕመም ዴክሳሜታሶን፣ ለሳንባው ሕመም ኒፌዲፒን አለ፤ ታማሚው ገብቶበት በእግር ፓምፕ እየተነፋ ዝቅ ያለ ከፍታ ላይ እንዳለ የሚያስቆጥረው የግፊት ከረጢትም አለ። እነዚህ ሁሉ ግን መውረጃ እስኪመቻች ጊዜ የሚገዙ ናቸው፤ የመውረድን ቦታ አይተኩም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቡድን ቢያንስ ሁለት የሠለጠኑ መሪዎች ይኑሩ፤ በየካምፑ ሌሊት የሚወረድበት መንገድ አስቀድሞ ይታወቅ፤ ከረጢቱም ከሻንጣ ግርጌ ተቀብሮ የሚዞር ሳይሆን መሪዎቹ ከጉዞ በፊት ሰው አስገብተውበት የተለማመዱበት ይሁን።

ገንዘቡም እንዲሁ። የሚወርደው ሰው የሄሊኮፕተሩን፣ የሆቴሉንና የመመለሻውን ወጪ በታመመ ራሱ እየደመረ እንዳይጨነቅ፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ የሚደረግ ማዳንን በግልጽ የሚሸፍን መድን ሳይኖረው ማንም ሰው ከመነሻው አይነሳ። የመሪው ደመወዝ፣ ጉርሻና ስም ደግሞ ስንት ሰው ጫፍ ላይ አደረሰ በሚለው አይመዘን። በየማስታወቂያው ላይ «ከመቶው ይህን ያህሉ ጫፍ ይደርሳሉ» የሚል ጽሑፍ ሳይ፣ ያ ቁጥር መሪው ጀርባ ላይ ተጨማሪ ጭነት መስሎ ይታየኛል።

ስለ ጭነት ካነሳሁ ዘንድ፣ በጭነቱ ሥር ስላሉት ሰዎች ሳልናገር ማለፍ አልችልም። እስካሁን «ቡድን» ያልኩት ከፋዮቹን ብቻ አይደለም። ተሸካሚ ከተራራ አገር ስለተወለደ ከፍታ አይነካውም የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው፤ ብዙዎቹ የሚመጡት ከዝቅተኛ አካባቢ ነው፣ እንደ ማንኛውም ሰውም ይታመማሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በኔፓል አንድ የሃያ ዓመት ወጣት ተሸካሚ በከፍታ ታመመ፤ የሠራበት ሒሳብ ተከፍሎት ብቻውን ወደ ታች ተላከ፤ ሞተ። ዓለም አቀፉ የተሸካሚዎች ጥበቃ ቡድን የተቋቋመው ከዚህ ሞት በኋላ ነው። ቡድኑ የሚጠይቃቸው ነገሮች ከማንም ሕሊና ጋር የሚጣሉ አይደሉም፦ ለቅዝቃዜው የሚበቃ ልብስና ጫማ፣ መጠለያና ምግብ፣ ለመንገደኛው ከሚሰጠው ያላነሰ ሕክምና ይሰጣቸው፤ የታመመ ተሸካሚ ብቻውን አይላክ፣ ቋንቋውን የሚያውቅና ሕመሙን የሚረዳ ሰው አብሮት ይውረድ፣ ምን እንዳመመው የሚገልጽ ደብዳቤና ለመታከሚያ የሚሆን ገንዘብም ይያዝለት። ስለ ክብደቱም ቢሆን ሕግ የማውጣት ልምድ አለ፤ በኪሊማንጃሮ ጭነቱ በ20 ኪሎ ግራም የተገደበ ነው፤ ፔሩም የኢንካ መንገድ በተባለው የታወቀ የእግር ጉዞ መስመር ለሚሠሩ ተሸካሚዎች ተመሳሳይ ወሰን በሕግ ደንግጋለች። ሚዛን በበር ላይ ብቻ ተቀምጦ፣ ከበሩ ካለፉ በኋላ የአንዱ ጭነት በሌላው ላይ የሚደረብ ከሆነ ግን ሕጉ ለወረቀት ነው የወጣው።

በምሽቱ ደብተር ላይ የተሸካሚዎቹም ስም ይኑርበት። ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ተቀበሉ ብባል የምመርጠው ይህን ነው።

ትርፍ ቀን የሚጠቅመው ለሕመም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2014 በኔፓል አናፑርና ዙሪያ በሚገኘው፣ 5416 ሜትር ከፍታ ባለው የቶሮንግ የተራራ ማለፊያ አካባቢ፣ ሁድሁድ የተባለው የባሕር ዐውሎ ነፋስ ቅሪት ያመጣው ድንገተኛ የበረዶ ማዕበልና የበረዶ ናዳ ቢያንስ 43 ሰዎችን ገደለ፤ ከሟቾቹ መካከል መንገደኞችም መሪዎችም ነበሩ። ወቅቱ ሰማዩ ይጠራበታል ተብሎ የሚታወቅበት፣ መንገዱም በቡድኖች የሚጨናነቅበት ጊዜ ነበር። ስለ እያንዳንዱ ሰው ውሳኔ መፍረድ አልችልም፤ አልፈልግምም። ነገር ግን የመመለሻ በረራው ከመጨረሻው የእግር መንገድ በማግስቱ የተያዘለት ቡድን በማለፊያ ሥር ሆኖ ሰማዩ ሲጠቁር የሚያመነታው አንድ ቀን ስለሌለው መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከማለፊያው በፊት አንድ ባዶ ቀን፣ ከመመለሻ በረራው በፊት ሌላ ባዶ ቀን ይኑር። አየሩ ከጠራ ያ ቀን ለእረፍት ይሆናል፤ ማንም አያማርርበትም።

እንደ እኔ ለምትጓዙትም ጥቂት ቃል ልጨምር። የጤና ቅጹን በሐቅ ሙሉት፤ የልብና የሳንባ ሕመም፣ የምትወስዱት መድኃኒት፣ ከዚህ በፊት ከፍታ ላይ የገጠማችሁ ነገር ሁሉ ይጻፍበት። የእንቅልፍ መድኃኒትና አልኮል በሌሊት ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች ራቋቸው። ሰውነት ከከፍታ ጋር እንዲላመድ የሚረዳውን መድኃኒት፣ አሴታዞላማይድን፣ ልትወስዱ ካሰባችሁ ከሐኪም ጋር ተማክራችሁ፣ ለመሪውም ነግራችሁ ይሁን። የራስ ምታት ክኒን ውጣችሁ «ተሻለኝ» ከማለታችሁ በፊት መጀመሪያ ለመሪው ንገሩት። አብሯችሁ የሚጓዝ ሰው ሲዘገይ ዞር ብላችሁ እያያችሁት በምሬት አትተንፍሱበት፤ ያ ትንፋሽ ነው ሕመሙን የሚያስደብቀው።

ፈቃድ የምትሰጡ መሥሪያ ቤቶች፣ ይህን ሁሉ በድርጅቶቹ በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ መጣል አይገባም። ጥንቃቄ የሚያደርገው ድርጅት ጉዞው በሁለት ቀን ስለሚረዝምና ዋጋው ስለሚጨምር፣ ጥንቃቄ በማያደርገው ተወዳዳሪው ይበለጣል። ይህን ውድድር ማስተካከል የምትችሉት እናንተ ናችሁ። በስኮትላንድ ኬርንጎርም ተራሮች እ.ኤ.አ. በኅዳር 1971 የተማሪዎች ቡድን በበረዶ ማዕበል ተይዞ አምስት ተማሪዎችና አንድ የልምምድ መሪ ከሞቱ በኋላ ነበር፣ ልጆችን ወደ ተራራ የሚመሩ ሰዎች ሊኖራቸው ስለሚገባው ብቃት በብሪታንያ አጥብቆ መጠየቅ የተጀመረው። ለከፍታ ጉዞዎች ግን የሚያስፈልገው ዕውቀት ከዓመታት በፊት ተገኝቷል፤ ሌላ ሞት መጠበቅ አያስፈልግም። ፈቃድ ሲታደስ ድርጅቱ የሚሸጣቸው ጉዞዎች ሁሉ የሌሊት ከፍታ ሰንጠረዥ አብሮ ይቅረብ፤ ከ3000 ሜትር በላይ በየሌሊቱ ከ500 ሜትር በላይ የሚያስወጣ መርሐ ግብር የቦታው አቀማመጥ የሚያስገድድበት ምክንያትና ማካካሻው ተጨማሪ ሌሊት ሳይገለጽ አይጽደቅ። በየቀኑ የሚታሰብ የመግቢያ ክፍያ ያላችሁ ፓርኮች ደግሞ፣ ለመላመድ የሚታደረው ተጨማሪ ሌሊት ያለ ክፍያ ወይም በቅናሽ እንዲሆን አድርጉ፤ የክፍያው አወቃቀር ሰውን ወደ ላይ የሚያጣድፍ ሆኖ መቀጠል የለበትም። የመሪ ፈተናም የተራራ ስምና የአበባ ዓይነት ከመጠየቅ አልፎ፣ ታማሚን መለየት፣ ከረጢቱን መጠቀምና ቡድንን ለሁለት ከፍሎ ማውረድ በተግባር የሚታይበት ይሁን።

ድርጅቶች ደግሞ ሕግ እስኪወጣ ሳትጠብቁ ዛሬ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። በምትሸጡት እያንዳንዱ ጉዞ መግለጫ ላይ፣ ከዋጋው ጎን፣ በየሌሊቱ የሚታደርበትን ከፍታ በሜትር ጻፉ፤ ትርፍ ቀኖቹ የትኞቹ እንደሆኑ፣ ስንት መሪዎች እንደሚሄዱ፣ ታማሚ ሲኖር ማን አብሮት እንደሚወርድና ወጪው በማን እንደሚሸፈን በውሉ ውስጥ አስገቡ። በሚቀጥለው የጉዞ ወቅት ከመመዝገቤ በፊት ለማናገረው ድርጅት ሁሉ እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ አቀርባለሁ፤ ይህን የሚያነቡ ሌሎች ተጓዦችም እንዲሁ እንዲያደርጉ እጠይቃለሁ። መልሳችሁንም በጽሑፍ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
በቡድን ተራራ የሚጓዝ አንድ መንገደኛ